በጃሊሳ ስም የበራ መብራት

ኤርሊን የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት ስልክ አንስታ አታውቅም። ልጇ ጃሊሳ አፏን እንደፈታች ካጠናቻቸው ነገሮች አንዱ «እማ ቤት የለችም» የሚለው ነው። ልጅቷ ይህን ለዕዳ ጠያቂዎች ስትናገር እናትየው እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ በእጇ «ጎበዝ፣ አሁን ዝጊው» እያለች ምልክት ትሰጣት ነበር። አይ ኤርሊን! ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ከስልክ ሲሸሽ ከኖረ አንድ ቀን እንደሚያዝ አይጠፋውም። የት እንደሚያዝ ግን ማን ይነግረዋል?

እሷ የተያዘችው ያገለገለ መኪና በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ነው፤ በቅዳሜ ጠዋት፣ የቤተክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ።

ቀሚሱን የለበሰችው ለልጇ ክብር ስትል ነው። ጃሊሳ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዶሮ መጥበሻ ቤት ቆማ፣ ፀጉሯ ታጥቦ እንኳ ዘይት ዘይት እየሸተተ፣ ለመኪና ቅድሚያ ክፍያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር አጠራቅማለች። እግረ መንገዷንም የረዳት ነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሰላሳ አምስት ማይል ርቆ ያለው ሆስፒታል ቀጥሯታል። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። በዚህ በሚሲሲፒ ገጠር አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መኪናው ዛሬ ካልተገዛ ሰኞ ሥራ የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«እማ፣ ያቺውልሽ» አለች ጃሊሳ በግቢው ዳር የቆመችውን ሰማያዊ ኮሮላ እያሳየቻት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ባለፍኩ ቁጥር እንዳትሸጥብኝ እየጸለይኩ ነው የማልፈው።»

«አንቺ ከጸለይሽማ ማን ደፍሮ ይገዛታል» አለች ኤርሊን፣ እውነቷን ነው። የጃሊሳ ጸሎት በዚያ ከተማ የታወቀ ነው።

ሻጩ ሚስተር ሬይፎርድ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚቀመጥ፣ የሱሪ ማንጠልጠያ የሚያደርግ የስልሳ ዓመት ሰው ነው። ከፊቱ የተቀቀለ ለውዝ በወረቀት ብርጭቆ ሞልቶ አስቀምጧል። እናትና ልጅን ወንበር ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ፣ የብድር ታሪኳን ለማየት የጃሊሳን የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ ቁጥር እየጠየቀ በሁለት ጣቱ ኮምፒውተሩ ላይ መታ።

«እኔ ብድር የሚባል ወስጄ አላውቅም» አለችው ጃሊሳ ቀና ብላ። «ከሰው አምስት ዶላር እንኳ ተበድሬ አላውቅም። ስለዚህ ወለዱን እንዳታበዙብኝ።»

«እሱንማ እናየዋለን፣ የኔ ልጅ» አለና ለውዝ ሰብሮ አፉ ከተተ። ከዚያ ማኘኩን አቆመ። «ስንት ዓመትሽ ነው ያልሽኝ?»

«አስራ ዘጠኝ።»

«እህ።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶም አደረገው። «እዚህ የሚለው እንግዲህ የአስራ ሁለት ዓመት የመብራት ደንበኛ ነሽ ነው።»

ጃሊሳ ሳቀች። «በሰባት ዓመቴ?»

«በሰባት ዓመትሽ መብራት አስገብተሻል። ስምንት ዓመት እንደምንም ከፍለሻል። ከዛ ስምንት መቶ አስራ ሁለት ዶላር ሳትከፍዪ ቤቱን ለቀሽ ሄደሻል። ስልክም አለብሽ፣ ሦስት መቶ ምናምን። ይኸው አራት ዓመቱ።» ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። «በዚህ የብድር ነጥብ የትኛውም ባንክ በሩን አይከፍትልሽም።»

ሚስተር ሬይፎርድ ይህን ሁሉ ሲናገር ኤርሊንን አላያትም። ግድግዳውን አየ፣ ለውዙን አየ፣ ልጅቷን አየ። እሷን ግን እንዳያይ ተጠነቀቀ፤ ኤርሊንን ያስደነገጣት ያ ጥንቃቄው ነው። ሰውዬው አውቋል። የቀሚሷን አንገት ላላ አደረገች።

ነገሩ የሆነው ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር ብርድ ነው። አባትየው ሮስኮ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ዓመት ሞልቶት፣ መብራቱ ከተቆረጠ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ኤርሊን በራሷ ስም የተቆለለ ዕዳ ስለነበረባት የመብራቱ መስሪያ ቤት ሳትከፍዪ አናስገባልሽም ብሏታል። እናትና ልጅ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለው ያድራሉ። ከዚያ የጎረቤቷ ሴትዮ ምክር ለገሰቻት። «ምን ያንቀጠቅጥሻል? በልጅቷ ስም አስገቢዋ! የሷ ስም ንጹሕ ነው፣ ማን አቆሸሸው?» በዚያ ሰፈር ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ገና አልጋቸውን በሚያረጥቡ ሕፃናት ስም የሚበሩ ሦስት አራት ቤቶች ነበሩ። በስሙ የቴሌቪዥን ኬብል የገባበትን አንዱን ጨቅላማ የመንገዱ ሰው ሁሉ «ባለኬብሉ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ኤርሊንም የልጇን የሶሻል ሴኩሪቲ ወረቀት ይዛ ለመብራቱ መስሪያ ቤት ደወለች፣ ጃሊሳ እኔ ነኝ አለች፣ በማግስቱ ማታ መብራቱ መጣ። እከፍለዋለሁ፣ ልጅቷ ሳታድግ አጸዳዋለሁ ብላ ነበር። ብላ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መብራቱ ቦግ ሲል የሰባት ዓመቷ ጃሊሳ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ስለ መብራት ነበር የምትጸልየው። «አሜን» ስትል በራ! ልጅቷ ጮኸች፣ ዘለለች፣ ፍሪጁን ከፍታ ውስጡ የበራችውን አምፖል እያየች አለቀሰች። በዚያ እሁድ ቤተክርስቲያን ውስጥ አግዳሚው ላይ ቆማ ተናገረችው። ጉባኤው ተነስቶ እልል አለ፣ ፓስተሩ ዓይኑን ጠረገ፣ ስሟም «የመብራቷ ልጅ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጨረሻ ትናገረዋለች። ለትምህርቷ የገንዘብ እርዳታ ስታመለክት የጻፈችውም እሱኑ ነው። ኤርሊን በእያንዳንዱ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አጨብጭባለች። ምን ታድርግ? ሁሉም ሲያጨበጭብ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ?

«ሌባ ነው» አለች ጃሊሳ። «ቁጥሬን የሰረቀ ሰው አለ።»

«ያጋጥማል» አለ ሚስተር ሬይፎርድ ለለውዙ። «ፖሊስ ጋ ሄደሽ ታመለክቻለሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ዕዳ ሊኖርባት አይችልም፣ በሁለት ወር ይሰርዙልሻል። ማን ነው ያደረገው ብለው ግን ይጠይቁሻል። ስም ይፈልጋሉ።»

«ሁለት ወር? እኔ እኮ ሰኞ ነው ሥራ የምገባው!» ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ያኔ ቁጥሬን ከአንቺ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

ከአንቺ ሌላ። ልጅቷ ይህን ያለችው እንደ ዋዛ ነው፣ ኤርሊንን ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቃት።

«እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ» አለች።

«አባዬ ነው።»

ኤርሊን የቦርሳዋን ማንገቻ ማስተካከል ያዘች።

«አባዬ ነው! ሌላ ማን ይሆናል? ጥሎን ሲሄድ ወረቀቴን ይዞ ሄደ ማለት ነው። እኛን ትቶ ለያዛት ለሌላዋ ሴትዮ ቤት መብራት በኔ ስም አስገባላት። ወይኔ፣ እኛ ብርድ ላይ እያለን!»

ሮስኮ ብዙ ጥፋት አለበት፤ ኤርሊን ብትጠየቅ ሳትተነፍስ ልትዘረዝረው ትችላለች። ይህን ግን አላደረገም። የጭነት መኪና እየነዳ በያለበት ሆኖ፣ እሁድ እሁድ ሳያሳልፍ ለልጁ ይደውላል። የጃሊሳን የምረቃ ፎቶ መሪው አጠገብ ለጥፎታል። ኤርሊን አፏን ከፈተች። «እሱ አይደለም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ጃሊሳ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሮስኮ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ አላነሳም። መልእክት ተወችለት። «ያደረግከውን አውቄያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትደውልልኝ። ነገም አትደውል። አባት አለኝ አልልም።» ዘጋችና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «አየር ልውሰድ» ብላ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ሰማያዊዋን ኮሮላ ተደግፋ ስትቆም ይታያል።

ኤርሊን መሬቱን እያየች ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ራሷን ጠልታ አታውቅም።

«ሚስ ኤርሊን፣ ለውዝ ይቅመሱ።»

«ይቅርብኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እዚች ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ ሚስተር ሬይፎርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቺን ዓይነት ወረቀት በሳምንት አንዴ አያታለሁ። እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው። የኔ እናት በስሜ ያስገባችው የቴሌቪዥን ኬብል ነበር። ለመብራት እንኳ ቢሆን ምን ነበረበት!»

ኤርሊን ቀና ብላ አየችው። «እና ይቅር አሏት?»

«መቼ ጠየቀችኝ? ሳትጠይቀኝ ቀበርኳት።» ለውዝ ሰበረ። «እኔ አፌን አልከፍትም፣ አይስጉ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ የኔ ሥራ መኪና መሸጥ ነው።»

አለመናገሩ ሊያቀልላት ሲገባ አከበደባት። በሩ ተከፈተና ጃሊሳ ገባች። ፊቷን ታጥባ መጥታለች።

«እሺ፣ ያለ ባንክ በናንተ በኩል ስንት ነው?»

ሚስተር ሬይፎርድ ነገራት። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ያለው መኪና በሃያ አራት ከመቶ ወለድ፣ በየሳምንቱ ዓርብ የሚከፈል፣ አራት ዓመት። ጃሊሳ በስልኳ አስልታ ጨርሳ የወጣውን ቁጥር አየችው። የአንድ መኪና ገንዘብ ከፍላ ተጨማሪ ግማሽ መኪና ለሌላ ሰው ልትገዛ ነው።

«እፈርማለሁ» አለች። «ምን አማራጭ አለኝ።»

«አንዲት ነገር ትቀራለች። የሚያውቁሽ አምስት ሰዎች ስምና ስልክ። ቁልፉን ሳልሰጥሽ አሁኑኑ ይደወልላቸዋል። የግቢው ደንብ ነው፣ እኔ ራሴ አልደውልም፣ ሚስ ዶቲ ናት የምትደውለው። የመጀመሪያዋ አብራሽ የምትኖር ትሁን።»

ሚስ ዶቲ ከመስታወቱ ማዶ ያለችው፣ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ የነፋችው አሮጊት ናት። ጃሊሳ ጻፈች። ከላይ የእናቷን ስም፣ ቀጥሎ የፓስተሩን፣ የአክስቷን፣ የዶሮ ቤቱን አለቃ፣ የአስተማሪዋን። ወረቀቱ በመስታወቱ ቀዳዳ አለፈ። ሚስ ዶቲ ስልኳን አነሳች።

የኤርሊን ቦርሳ ጮኸ።

እጇ ለዓመታት የለመደውን አደረገ፤ ሳታስበው ገባና ድምፁን አጠፋው። ሚስ ዶቲ በመስታወቱ ውስጥ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፤ ቀጥላም እሷን አየቻት። መሃላቸው አምስት እርምጃ አይሆንም።

«እማ!» አለች ጃሊሳ። ካለቀሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላለች። «ለኔ እኮ ነው። አንሺው።»

እንደገና ጮኸ። ኤርሊን አነሳችው።

«ሚስ ኤርሊን ታግል ነዎት?» የሚስ ዶቲ ድምፅ በስልኩም በመስታወቱም ይመጣል።

«ነኝ።»

«ጃሊሳ ታግልን ያውቋታል?»

«ወልጃታለሁ።»

«ካወቋት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት። ትንሽ ያልፋል።»

ሚስ ዶቲ ጻፈች። ዓይኗን ከወረቀቷ ሳትነቅል ቀጠለች። «በርስዎ አመለካከት ቃሏን የምታከብር ሰው ናት?»

«ናት። በጣም።»

«እርስዎ በሚያውቁት ሳትከፍል የተወችው ዕዳ አለ?»

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። «የለም» ብትል ውሸት እንኳ አይሆንባትም፤ ልጅቷ ሳትከፍል የተወችው አንዲት ሳንቲም የለም። ቁልፉ ይመጣል፣ ኮሮላዋ ትነሳለች፣ ሮስኮ ነገ አይደውልም፣ ከነገ ወዲያም አይደውልም። ኤርሊን ልጇን አየቻት። ጃሊሳ ድሮ እናትየው ለሷ ታደርግላት እንደነበረው በእጇ ምልክት እየሰጠቻት ነበር። «ጎበዝ፣ ጨርሺው።»

«ዕዳው የሷ አይደለም» አለች ኤርሊን።

«ምን አሉኝ?»

«የኔ ነው። መብራቱን በስሟ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስልኩንም እኔ ነኝ። አባቷ የሚያውቀው ነገር የለም። አሁን እሱን ስትወነጅለው ዝም አልኩ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ጻፊው እባክሽ። ስሜን ጻፊው።»

በመስታወቱ ማዶ ሚስ ዶቲ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። «እትዬ፣ እዚህ ወረቀት ላይ እኮ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ያለው ‹አለ› እና ‹የለም› ነው።»

«እንግዲያው ‹የለም› በዪ» አለች ኤርሊን፣ ስልኩንም ዘጋችው።

ሚስተር ሬይፎርድ የለውዙን ልጣጭ አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ መልቀም ጀመረ። ጃሊሳ የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ወረቀቶቹን ወደ ራሷ ሳበች፣ የሚፈረምበት ቦታ ላይ ሁሉ ፈረመች፤ ሰባት ቦታ ነው። ከዚያ ቁልፉን ተቀብላ ወጣች።

ኤርሊን ከኋላዋ ወጣች። ኮሮላዋ ጋ ስትደርስ የፊቱን በር ልትከፍት እጇን ሰደደች፣ አፈረች፣ የኋላውን ከፍታ ገብታ ተቀመጠች። ጃሊሳ መሪውን ይዛ በመስታወቱ አየቻት።

«ታክሲ ነኝ እንዴ? ፊት ነይ።»

ወርዳ ፊት ገባች። ሞተሩ ተነስቷል፣ መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ሂጂ ፖሊስ ጋ አመልክቺ» አለች ኤርሊን። «እኔ ራሴ እጽፍልሻለሁ። ስሜን ስጪያቸው፣ ከዚህ ወለድ ትገላገያለሽ።»

«መጀመሪያ ለአባዬ ደውዪ።»

ደወለች። አሁንም አላነሳም። ኤርሊን ከሮስኮ ጋር ከተነጋገረች ስድስት ዓመት አልፏታል። ለመልእክት መቀበያው ሁሉንም ነገረችው፤ ስታቋርጥ ጃሊሳ «ቀጥዪ» እያለች። ስትጨርስ ላብ አጥምቋታል። ግን ደግሞ ትንሽ ቀለላት። የቀለላት ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊቀለው ይፈልጋል።

«ነገ እሁድ ነው» አለች። «ነገ ጉባኤው ፊት እነሳና ሁሉንም እናገራለሁ። መብራቱ እንዴት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንዳታለልኳቸው።»

«አትናገሪም።»

«ልጄ፣ ከላዬ ይውረድልኝ፣ እኔ እኮ...»

«አይወርድልሽም!» ጃሊሳ በእናቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ስሜን ወሰድሽው። እሺ፣ አራት ዓመት በየዓርቡ እየከፈልኩ አስመልሰዋለሁ። ያን ምሽት ግን አትወስጂብኝም። የጸለይኩት እኔ ነኝ። ሲበራም ያየሁት እኔ ነኝ። ነገ ፓስተሩ ሥራ ማግኘቴን ነግሮ ያስነሳኛል፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው እናገረዋለሁ። አንቺ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እንደ ሁልጊዜው ታጨበጭቢያለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ኤርሊን። ቀበቶዋን ለማሰር ሦስት ጊዜ ሞከረች።

በማግስቱ ጃሊሳ ተነስታ ተናገረች። ብርዱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ጸሎቱን፣ ፍሪጁን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ኤርሊን ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ከሰው ሁሉ ቀድማ አጨበጨበች፤ ሰው ሁሉ ሲያቆምም ልጇ እያየቻት ስለነበር ማቆም አልደፈረችም።